በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጣት፦ ስለ ጊታር ጀማሪዎች የጣት ሕመም ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ከአንድ ወር በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት ተማሪዬ የሰላጣ ሽታ ይዛ ገባች። ጊታር ከጀመረች አምስተኛ ሳምንቷ ነበር። የግራ እጇን ጣቶች ዘርግታ አሳየችኝ። ጫፋቸው ነጥቶ ተጨማድዷል፤ የቀለበት ጣቷ ላይ ቆዳው ተሰንጥቆ ውስጡ ቀልቶ ይታያል። «ምን ነካሽ?» አልኳት። «ኮምጣጤ» አለችኝ። ማታ ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስትዘፈዝፈው ሳምንት ሞልቷታል። ማን እንደመከራት ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ አንድ ጽሑፍ አስነበበችኝ።

ጽሑፉ ለጊታር ጀማሪ ጣት ማደንደኛ የሚሆኑ ሰባት ደንቦችን ይደረድራል። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ደም እስኪወጣህ ተጫወት። በወፍራም የብረት ክር ጀምር። በጊታርህ አታመካኝ። ጣትህን በኮምጣጤ ወይም በአረቄ ዘፍዝፍ። ሲሰነጠቅ በሱፐር ግሉ ለጥፈህ ቀጥል። ክራር መቺዎችን እይ፣ ጣታቸውን አሟቸው አያውቅም። በወር ውስጥ ሕመሙ ካልለቀቀህ ጊታር ያንተ ዕጣ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ሰው ለመጉዳት አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል። ግማሹን እኔም ስጀምር ተነግሮኝ አድርጌዋለሁ። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚሁ ነው።

ትክክል ያሉትን ላስቀድም። በየመሃሉ የግራ እጅ ጥፍር አጭር ይሁን ብለዋል፤ ልክ ነው፣ ጥፍር ከረዘመ ጣቱ ተጋድሞ ነው ክሩን የሚይዘው። በየቀኑ ተጫወቱ ማለታቸውም ያስመሰግናል። የተቀረውን በራሳቸው ቅደም ተከተል ልሂድበት።

«ደም እስኪወጣ» የሚለው የመጀመሪያው ደንብ ቆዳ እንዴት እንደሚደነድን ካለማወቅ የመጣ ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ከሥር በሚወለዱ ሕዋሳት ይተካል፤ እነዚህ እየገፉ ወጥተው፣ ጠፍጥፈውና ደርቀው ከላይ ይነጠፋሉ፤ ጉዞው አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። አንድ ቦታ ላይ መጠነኛ ጫና ሲደጋገም ቆዳው እዚያ ቦታ ላይ ንጣፉን ያበዛል። ያ ነው መጅ። ጫናውና ፍትጊያው ከልክ ሲያልፍ ግን ሽፋኖቹ እርስ በርስ ይለያዩና መሃላቸው ውሃ ይገባል፤ ጣት ውሃ ቋጠረ የምንለው ነው። ውሃ የቋጠረ ቆዳ ተገሽልጦ ይነሳል፤ ከሥሩ የሚወጣው ደግሞ እንደ ሕፃን ቆዳ ስስ ነው። ሦስት ሳምንት የሠራኸው በአንድ ማታ ጀግንነት ዜሮ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜን ጠብቆ ሦስት ሰዓት ከመጋደል በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ መጫወት ይሻላል። ጫፉ ሲለበልብ ማቆም፣ ቢበዛ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ ማግስቱን መመለስ። ቆዳው ከተከፈተ ግን እስኪገጥም ድረስ ዕረፍት ነው። ስኳር ያለበት ሰው በተለይ የጣት ቁስልን በጨዋታ ማየት የለበትም።

በነገራችን ላይ አማርኛችን ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። መጅ የደነደነው ቆዳም ነው፤ ወፍጮ ላይ እህሉን የሚደቁሰው የእጅ ድንጋይም መጅ ነው። ስትፈጭ የኖረች እናት መዳፍ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። እሷ መጅ ያወጣችው ግን አንድ ቀን ደምታ አይደለም፤ በየቀኑ ስለፈጨች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆዳችን የተከፈተ ዕለት የሚያድነን የምንበላው በቀኝ መሆኑ ነው፤ ክር የሚጫነው ግራ እጅ ስለሆነ በርበሬ አይነካውም። አንድ ግራኝ ተማሪ ነበረኝ። ጊታሩን አዙሮ ስለሚይዝ ክሩን የሚጫነው በቀኝ ጣቶቹ ነው። «ደም እስኪወጣ» በተጫወተ ማግስት የበዓል ዶሮ ወጥ ቀረበለት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ቧንቧ ሮጠ፤ የቀረውን እናቱ አጎረሱት። የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው።

ሁለተኛው ደንብ ወፍራም ክርን ይመለከታል፤ ትንሽ ልቆይበት የምፈልገውም እዚህ ነው። ጸሐፊው «ናይለን ያሞላቅቃል፣ በ13 ቁጥር የብረት ክር የጀመረ ሌላውን ሁሉ ይንቃል» ይላሉ፤ ምስክር አድርገው የጠሩትም አሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮንን ነው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ የቀጭኗ ክር ውፍረት በአንድ ሺኛ ኢንች ሲለካ ነው። 12 ቁጥር የሚባለው የተለመደ የአኮስቲክ ጊታር (ያለ ኤሌክትሪክ የሚጮኸው፣ የብረት ክር ያለው) ክር ስድስቱም ሲወጠሩ አንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ አላቸው። የክላሲካል ጊታር ናይለን ክሮች ደግሞ ወደ 40 ኪሎ። በዚያ ላይ ናይለኑ ወፈር ስለሚል ጫናውን ሰፋ አድርጎ ጣት ላይ ያሳርፋል፤ የብረቷ ቀጭን ክር ግን እንደ ቢላ ትገባለች። ሰው በናይለን ቢጀምር ምን ይቀርበታል? ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) መያዝ ይማራል፣ ምት ይማራል፣ ሲፈልግ ወደ ብረት ይሻገራል። መጀመሪያውኑ የብረት ድምፅ ከወደደ ደግሞ 10 ወይም 11 ቁጥር አለ፤ ማንም አይከስሰውም።

ወደ ቮን ልመለስ። ሰውየው በኤሌክትሪክ ጊታሩ ላይ 13 ቁጥር ማሰሩ እውነት ነው። ጸሐፊው የዘለሉት፣ ጊታሩን በግማሽ ድምፅ (በአንድ ፍሬት ያህል፤ ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ናቸው) ዝቅ አድርጎ ይቃኝ የነበረ መሆኑን ነው። ክር ዝቅ ሲል ውጥረቱ ከድምፁ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ጊታር ውጥረቱ 11 በመቶ ገደማ ይቀልላል፣ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ካለ 20 በመቶ ገደማ። ቮን እንኳ ለጣቱ አዝኗል! ይህን ማንም ጀማሪ ሊጠቀምበት ይችላል። ጊታሩን በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቃኝቶ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ማሰር ነው። ድምፁ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ክሩ ግን እንደላላ ይቀራል፤ ካፖው ክሩን ወደ እንጨቱ ስለሚያስጠጋው ደግሞ ለጣት የሚቀረው ሥራ ያንሳል።

ምስክር ከተጠራ እኔም አንድ ልጥራ። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ በሚሠራበት የብረታ ብረት ፋብሪካ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የተቆረጡት ክር የሚጫንባቸው የቀኝ እጁ ጣቶች ነበሩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ አለበሰው፤ ክሩን ግን አላወፈረም። እንዲያውም የሚፈልገውን ያህል ቀጭን የጊታር ክር በገበያ ስላጣ የባንጆ ክር አሰረ፤ ኋላም ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ እጅ የወጣው ድምፅ በሮክ ዓለም ከባድ ከሚባሉት ሁሉ የከበደ ነው። ክር መቅጠን ድምፅን ያሳሳል የሚል ሰው እሱን ይስማ።

ሦስተኛው፣ «በጊታርህ አታመካኝ»። ከሰባቱ ብዙ ጣት ያቆሰለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል። እስካሁን «ጣቴን አመመኝ» እያሉ ከመጡልኝ ጀማሪዎች መካከል ብዙዎቹ የያዙት ጊታር እኔንም ያመኛል። ርካሽ ጊታር ከፋብሪካ ሲወጣ ክሩ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ዝቅ ማድረግ የባለሙያ ጊዜ ይጠይቃል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ዋጋው ውስጥ የለም። የጊታርህን ልክ ለማየት የአስቤዛ ደብተር የምታሰምርበት ማስመሪያ ይበቃል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሆድ ድረስ ለካ። በአኮስቲክ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው፤ ኤሌክትሪክ ከዚያ ያንሳል፣ ክላሲካል እስከ 4 ሊደርስ ይችላል። አኮስቲኩ 4 ወይም 5 ካለህ ችግሩ የጣትህ አይደለም።

ከዚያ በላይ ጀማሪን የሚያሠቃየው ግን ነቱ ነው፤ ክሮቹ ወደ መቃኛው ከመድረሳቸው በፊት የሚያርፉባት ያቺ ነጭ ቁራጭ። ጀማሪ የሚኖረው ሦስቱ የመጀመሪያ ፍሬቶች ላይ ስለሆነ ነቱ ከፍ ካለ እያንዳንዱ ኮርድ ትግል ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንና አንደኛው ፍሬት ላይ ጎንበስ ብለህ ተመልከት። በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ለወረቀት ያህል ከሆነ ጥሩ ነው። የኮምጣጤዋ ተማሪዬ ጊታር ላይ ይህን ስናይ መሃሉ የመታወቂያ ካርድ ያስገባ ነበር። ኤፍ ኮርድ (አንድ ጣት ተጋድሞ ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫንበት) ከአምስት ሳምንት በኋላም አልወጣላትም፤ እንዴት ይወጣል? ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ሰውየው ክሮቹን አላልቶ የነቱን ቦዮች በቀጭን ሞረድ አንድ በአንድ ዝቅ አደረገ፣ ከብሪጁም (ክሮቹ ሆዱ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት) አጥንት ሥር ትንሽ ቀነሰ። ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም። (በቤት ሞረድ ራሳችሁ አትሞክሩት፤ ነት አንዴ ከልክ በላይ ከተሞረደ ክሩ ይጮሃል፣ መመለሻም የለውም።) አዲስ አበባ ላለን ደግሞ ወቅቱም ይጨመርበታል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ይነፋል፣ ክሩም ከፍ ይላል። ግንቦት ላይ የተመቸህ ጊታር ነሐሴ ላይ ቢያምህ ጣትህ ሰንፎ አይደለም።

የጊታሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አጫጫን ነው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል የለውም። ጀማሪ ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ይጫናል። ይህን ለማየት አንድ ጣት ክሩ ላይ ሳትጫን አሳርፍ፣ ልክ ከፍሬቱ ኋላ ተጠግተህ፣ ፍሬቱ ላይ ግን ሳትወጣ። በሌላው እጅ ክሩን እየመታህ ጫናውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምር። መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ነው፣ ከዚያ ይንዛረጣል፣ ከዚያ በድንገት ይጠራል። የጠራበት ቦታ ላይ ቁም። ያ ነው የሚያስፈልግህ ጉልበት፤ ሰው ሲያደርገው መጀመሪያ «ይኼው ብቻ?» ይላል። ከፍሬቱ ርቀህ መሃል ቦታ ላይ ከተጫንክ ግን ያንኑ ድምፅ ለማውጣት እጥፍ ትለፋለህ።

አራተኛው የኮምጣጤና የአረቄ ነው። አጭር መልስ ይበቃዋል፦ መጅ የሚሠራው ጫና ነው፤ ፈሳሽ መጅ አይሠራም። አረቄ የቆዳን ቅባት አጥቦ ያደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ኮምጣጤ አሲድ ነው፤ ስስ ቆዳ ላይ በየቀኑ ቢዘፈዘፍ ያቃጥላል። ግማሽ ሰዓት በማንኛውም ፈሳሽ የቆየ ጣት ራሱ ይረሰርሳል፤ የረሰረሰ ቆዳ ክር ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ነው። ስለዚህ ዕቃ ካጠቡ ወይም ገላ ከታጠቡ በኋላ እንኳ ጥቂት ቆይቶ መጀመር ይመረጣል። አረቄውን ለምን እንደሚያስቀምጡት ጸሐፊው ያውቃሉ።

ሱፐር ግሉ አምስተኛ ነው። «ታላላቆቹ አድርገውታል» ይላሉ፤ አሁንም ቮንን ማለታቸው ነው፤ ማድረጉም እውነት ነው። ለምን እንዳደረገው ግን አልጠየቁም። በ13 ቁጥር ክር ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ጣቱ ይቦጫጨቅ ስለነበር፣ ማግስቱን ደግሞ መድረክ ስለሚጠብቀው ነው። ሙጫው የወፍራሙ ክር ዕዳ ነበር። በሁለተኛው ደንብ ወፍራም ክር አሳስረው በአምስተኛው ሙጫ ማዘዛቸው አያስገርምም፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ሐኪሞች ቁስል የሚያጣብቁበት ሙጫ ከዚህ ጋር ዘመድ ቢሆንም ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ሌላ ዓይነት ነው። የሱቁ ሙጫ ሲደርቅ ይሞቃል፤ በጥጥ ጠርጌው ልቀባ ያለ ሰው ደግሞ ይቃጠላል፣ ጥጥ ላይ ሙቀቱ ይብሳልና። የተከፈተ ቁስል ላይ ከሆነ ቆሻሻውን አብሮ አሸገው። ጣትህ በሙጫ ካልተያዘ የማይሰበሰብ ከሆነ ዛሬ ልምምድ የለም ማለት ነው፤ የቀኝ እጅ ምት ተለማመድ፣ ወይም ዘፈን ስማ።

ስድስተኛው የክራሩ ነገር ነው፤ ልብ የሚነካ አገላለጽ ስላለው ብዙ ሰው ወዶታል። ግን ክራር የሚመታን ሰው እጅ ጠጋ ብሎ ያየ እንዲህ አይልም። ክራር ላይ ክር የሚጫኑበት እንጨት የለም። ቀኝ እጅ ይገርፋል፣ የግራ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ፣ ወይም ራሳቸው ይነካካሉ። ማሲንቆም ላይ ቢሆን የፈረስ ጭራውን ጣት ከጎን ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም። በገና ላይ አሥሩም ክሮች ክፍት ናቸው፤ ጣት ይነዝራቸዋል። አንዳቸውም ቢሆኑ ቀጭን ብረት ከብረት ፍሬት ጋር በጣት ጫፍ አያጣብቁም። መጅ ደግሞ ጫናው ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው የሚወጣው። ጎበዝ ክራር መቺ ወዳጅ አለኝ፤ ጊታር ሲጀምር እንደ ማንም ሰው ጣቱን እያራገበ ነበር የሚቀመጠው። አንድ አናጢ ተማሪም መዳፉ እንደ ሳንቃ ሆኖ ጣቱን አመመው፤ መዶሻ የጣት ጫፍን አያደነድንምና። ወዳጄ ከእኛ የተሻለበት ነገር ቢኖር ጆሮውና ምቱ ነው። ትዝታና ባቲን ከቅኝቱ ያውቃቸዋል፤ ጊታሩ ላይ እየፈለገ ያገኛቸዋል።

እግረ መንገዴን ጽሑፉ በአንዲት ሐረግ ያለፈውን ልንካ፦ «የሞተውን ቆዳ እየላጡ መጣል።» አይላጥም! መጅ ከዳር ብድግ ሲል ጎትቶ የሚነቅል ሰው ደህናውንም ይዞ ነው የሚነቅለው። ክር የሚይዘውን ጠርዝ ብቻ በጥፍር ሞረድ ማለስለስ ነው። ክሩም ዝጎ ከሆነ ይቀየር፤ የዛገ ክር ጣት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያስረዝመዋል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከሕመም ይልቅ ማሳከክና መቅላት ይገጥመዋል። ርካሽ የጆሮ ጌጥ ጆሮዋን የሚያሳክካት ሴት ብዙውን ጊዜ የማይስማማት ኒኬል ነው፤ በኒኬል የተለበጠ የኤሌክትሪክ ጊታር ክርም ያንኑ ሊያደርግባት ይችላል። ያኔ መፍትሔው የክር ዓይነት መቀየር ነው።

የመጨረሻው ደንብ አበሳጭቶኛል። «በወር ካልለቀቀህ ዕጣህ አይደለም።» ወሩ የሚቆጠረው ከምን ጀምሮ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ጊታር የነካ ሰው በወሩ መጨረሻ አራት ቀን ነው የተጫወተው። በየቀኑ በልክ የሚጫወት፣ ጊታሩም ልክ የሆነ ሰው በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ መለብለቡ ሲቀንስለት አያለሁ፤ ቆዳው ስስ የሆነ ከዚያ ይቆያል። ከዚያ በኋላም የሚያመው ካለ የት እንደሆነ ይጠየቅ። የጣት ጫፍ ማቃጠል የሥራው ነው። የእጅ አንጓ ውስጥ፣ ክንድ ላይ ወይም መገጣጠሚያ ላይ የሚጠዘጥዝ፣ ወይም ጊታሩ ከተቀመጠ በኋላም ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን የቆዳ ጉዳይ አይደለም፤ አንጓው ተጣምሞ ወይም አውራ ጣት አንገቱን እየጨመቀ ሊሆን ይችላል። ቆም ብሎ አያያዝን ማስተካከል፣ ካልለቀቀ ሐኪም ማየት ነው። ተሰጥኦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የት ገባ?

ተማሪዬ ዘጠኝ ቀን አረፈች፤ ስንጥቁ ገጠመ። ጊታሯ ከጠጋኙ ሲመለስ 11 ቁጥር ክር አሰርንበት፣ በቀን ሁለቴ አሥራ አምስት ደቂቃ ተባባልን። ትናንት ኤፍ ኮርዱን ያዘችና ስድስቱም ክሮች ጠርተው ወጡ። ጊታሩን አስቀምጣ የጣቷን ጫፎች ወደ መስኮቱ አዞረች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው፣ ትንሽ ቅር እንዳላት «መጁ ግን ብዙም አልወጣም እኮ» አለችኝ። ኮምጣጤውን እናቷ ወስደውታል፤ ለሰላጣ።